ወረርሽኝ ሲመጣ አማና ይጠብቃል እንጂ አይላላም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

 

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ብዙዎቻችን “የመንግሥት ነገር ነው” ብለን የምናልፈው ነው። ይኸውም በወረርሽኝ ጊዜ የሕዝብ ገንዘብ በምን መንገድ ይወጣል? የመንግሥት ግዥ ለማን ይሰጣል? “ጊዜው አስቸኳይ ነው” የሚለው ቃል ሐራሙን ሐላል ያደርገዋልን? የሚለው ነው። ስለ ሰላትና ስለ ጾም ደርስ የምንቀመጠውን ያህል ስለ በይተል ማል፣ ማለትም ስለ ሕዝብ ገንዘብ፣ አንማማርም። አብዛኞቻችን ግን ወይ ነጋዴ ነን፣ ወይ የመንግሥት ሠራተኛ ነን፣ ወይ የመስጊድ ኮሚቴ ነን። ጉዳዩ ከማናችንም ደጅ የራቀ አይደለም።

ያ ዓመት

የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሚሊኒየም አዳራሽ የሕሙማን መታከሚያ ሆነ። መስጊዶቻችን ተዘግተው ተራዊሕን በየቤታችን ሰገድን፣ ዒዱንም ያለ ጀመዓ አሳለፍን። እኛ በምንኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሣሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ የቀን ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በየወረዳው ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና እየተሰበሰበ ለችግረኛው ታደለ።

በዚያው ወቅት ብዙ ገንዘብና ዕቃ ወደ አገር ገባ። የዓለም ባንክ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ግማሹ ብድር፣ ግማሹ እርዳታ የሆነ 82 ነጥብ 6 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ሚያዝያ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የ411 ሚሊዮን ዶላር አስቸኳይ ብድር አጸደቀ። ቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ ለ54ቱ የአፍሪካ አገሮች የላከው ዕቃ መጋቢት 13 ቀን አዲስ አበባ ደርሶ ከዚህ ተከፋፈለ። የያንዳንዱ አገር ድርሻ 20 ሺህ መመርመሪያ፣ 100 ሺህ ማስክና 1 ሺህ የሐኪም መከላከያ ልብስ ነበር።

ይህንን የምቆጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። ብድሩን የሚከፍሉት ልጆቻችን ናቸው። እርዳታው ደግሞ የታመመውና የድሃው ሐቅ ነው። ስለዚህ ከዚያ ገንዘብ አንዲት ብር ያለ አግባብ ወደ ኪሱ ያስገባ ሰው ከመንግሥት ካዝና ብቻ ሳይሆን ኦክሲጅን ከሚጠብቅ ሕመምተኛ አፍንጫ ላይ ወሰደ ማለት ነው።

በሌላው ዓለም ምን ታየ?

በጎረቤታችን በኬንያ፣ የሕክምና ዕቃ የሚገዛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት (ኬምሳ) በወረርሽኙ ጊዜ የሰጣቸው ውሎች አገር አነጋገሩ። ከተመሠረቱ ጥቂት ሳምንታት የሆናቸውና በሕክምና ዕቃ የማይታወቁ ድርጅቶች ትልልቅ ግዥ ማግኘታቸው ተዘገበ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ምርመራው በ21 ቀን እንዲጠናቀቅ አዘዙ። ዋና ኦዲተሯም 7 ነጥብ 8 ቢሊዮን ሽልንግ የሚሆነው ግዥ ሕግን ያልተከተለ መሆኑን አሳወቁ። ሕዝቡ በዚያ ንግድ የበለጸጉትን “የኮቪድ ሚሊየነሮች” ብሎ ሰየማቸው።

በደቡብ አፍሪካ የጤና ሚኒስትሩ ዝዌሊ ምኪዜ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ምክንያቱ መሥሪያ ቤታቸው ለእርሳቸው የቅርብ ሰዎች ድርጅት 150 ሚሊዮን ራንድ የሚደርስ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ሰጥቷል መባሉ ነው። እርሳቸው ጥፋት የለብኝም ብለዋል። በዚያው ወር ባቢታ ዲዮካራን የምትባል፣ በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ጤና ቢሮ የሒሳብ ኃላፊ የነበረች ሴት፣ አጠራጣሪ ክፍያዎችን በማጋለጧ ከቤቷ ደጅ በጥይት ተገደለች። እውነት መናገር በዚያች አገር ነፍስ አስከፈለ!

ይህ የአፍሪካ በሽታ ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ እንግሊዝ ይመልከት። የእንግሊዝ መንግሥት በባለሥልጣናትና በፓርላማ አባላት ለተጠቆሙ አቅራቢዎች ለብቻቸው ፈጣን መንገድ ከፍቶላቸው ነበር። የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 እንዳስታወቀው በዚያ መንገድ የገባ አቅራቢ ውል የማግኘት ዕድሉ ከሌላው አሥር እጥፍ ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ይህ አሠራር ከሕግ ውጪ ነው ብሎ ፈረደ። በዚሁ መንገድ ካለፉት አንዱ የሆነ ድርጅት ያቀረበው 25 ሚሊዮን የሐኪም ልብስ ከጀርም የጸዳ መሆኑ ባለመረጋገጡ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ወደ 122 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲመልስ ተፈረደበት።

እነዚህን ሁሉ ስናስተያይ መንገዱ አንድ ነው። መጀመሪያ “ጊዜ የለም” ይባላል። ቀጥሎ ጨረታው ይቀራል። ከዚያ የሚያውቁት ሰው ይጠራል። ዋጋው ያብጣል፣ ዕቃው ይወርዳል፣ ወረቀቱ ይጠፋል። በሽታው ካለፈ በኋላ ኦዲተር ሲመጣ ገንዘቡ ፎቅ ሆኖ ቆሟል።

“ደሩራ” እስከ ምን ድረስ?

አንዳንድ ሰዎች የፊቅህ መርህ ይጠቅሳሉ። አስገዳጅ ችግር (ደሩራ) የተከለከለውን ይፈቅዳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ዑለማዎቻችን ይህን መርህ አስቀምጠዋል። ነገር ግን ከጎኑ ሌላ መርህ አብረው አስቀምጠዋል፤ እርሱን የሚጠቅስ ጥቂት ነው። ይኸውም የተፈቀደው በችግሩ መጠን ብቻ ይለካል የሚለው ነው። በረሃ ላይ ሊሞት የደረሰ ሰው ከበክቱ ሕይወቱን የሚያቆይለትን ያህል ይበላል እንጂ ጠግቦ የተረፈውን ስንቅ አይቋጥርም።

የአገራችንም የግዥ ሕግ ከዚህ አልራቀም። በወረርሽኙ ጊዜ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 649/2001 መሠረታዊው መንገድ ግልጽ ጨረታ እንዲሆን ደንግጎ፣ አስቸኳይ ሁኔታ ሲገጥም ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛትን ይፈቅድ ነበር። አሁን አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቶበታል። እንግዲህ በቀጥታ መግዛት ራሱ ወንጀል አይደለም። ሕሙማን እየሞቱ ጋዜጣ ላይ ጨረታ አውጥቶ ወር መጠበቅም አይቻልም። ታዲያ ደሩራው የፈቀደው ምንድን ነው? ጊዜ ማሳጠርን ነው። ዋጋ ማናርን አልፈቀደም። ዘመድ መምረጥን አልፈቀደም። ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብሎ መፈረምን አልፈቀደም። ውልን መደበቅንም አልፈቀደም። የገንዘብ ድርጅቱ በዚያ ወቅት ተበዳሪ አገሮችን የውሎቹን ዝርዝርና የድርጅቶቹን እውነተኛ ባለቤቶች ስም ይፋ እንዲያደርጉ፣ ወጪውንም እንዲያስመረምሩ የጠየቀው ለዚህ ነው።

የእኛ ቁርኣን ግን ይህን ቀድሞ አስተምሮናል። በአል-በቀራህ ምዕራፍ 282ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ሰዎች በዕዳ ሲዋዋሉ እንዲጽፉ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሮች እንዲቆሙ፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ ዕዳ መጻፍን እንዳይሰለቹ አዟል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ውል አጻጻፍ መሆኑ ሊያስገርመን ይገባል! በሁለት ሰዎች መካከል ላለ ብድር ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከታዘዘ፣ ለሚሊዮኖች ገንዘብ ምን ያህል ይታዘዝ?

ወረርሽኝና ረሃብ በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን

ታሪካችን ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ አላጣም። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ሁለት መከራዎች በአንድነት ወረዱ። በሻም ምድር የዐምዋስ ወረርሽኝ ገብቶ እንደ አቡ ዑበይዳና ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ) ያሉ ታላላቅ ሶሓባዎችን ወሰደ። በሒጃዝ ደግሞ ዝናብ ጠፍቶ ምድር አመድ እስኪመስል ደረቀ፤ ዓመቱም “ዓመል ረማዳ” (የአመድ ዓመት) ተባለ።

የሙእሚኖች መሪ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ምን አደረጉ? ከየአውራጃው እህል አስመጡ። ሕዝቡ እስኪያገግም ቅቤና ሥጋ ላለመብላት ማሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት በዚያ ጊዜ አንድ አገልጋያቸው ገበያ ላይ የመጣ አንድ ስልቻ ቅቤና አንድ ስልቻ ወተት በ40 ዲርሃም ገዝቶ አመጣላቸው። እርሳቸውም ዋጋውን አስወድደሃል ብለው ሁለቱንም ሰደቃ አስደረጓቸው። ተመልከቱ! በራሳቸው አገልጋይ፣ ለራሳቸው ማዕድ በተገዛ ነገር ላይ እንኳ በችግር ጊዜ የናረ ዋጋ አልፈቀዱም። ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ ወደ ሻም ተጉዘው የሟቾቹን ውርስ ጉዳይ አስተካከሉ፤ ባለቤቱ ሞቷል ተብሎ ገንዘብ እንዳይበላ።

ዑመር (ረ.ዐ) ሹም ሲሾሙ ንብረቱን ይመዘግቡ ነበር። ከሹመት በኋላ ያለ ምክንያት የበዛ ሲያገኙም ትርፉን ወደ በይተል ማል ይመልሱ ነበር። በሹማምንት ላይ ክስ ሲመጣ ሙሐመድ ኢብኑ መስለማን (ረ.ዐ) እየላኩ ያስመረምሩ ነበር። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 የባለሥልጣናት ሀብት ይመዝገብ ተብሎ ሲደነገግ አዲስ ነገር የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ይህ ከአሥራ አራት ክፍለ ዘመን በፊት መዲና ውስጥ ሲሠራበት የነበረ መሆኑን ይወቅ።

ከዚህም በፊት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢብኑል ሉትቢያ የተባለውን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ነበር። ተመልሶ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው ባለ ጊዜ ተቆጥተው ሚንበር ላይ ወጡ። ይህ ሰው በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ባየ ነበር ሲሉ ገሠጹ። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የጨረታ ኮሚቴ አባል የሆነ ወንድም ለዒድ የመጣለትን በግ፣ ለልጁ የተከፈለለትን የትምህርት ቤት ክፍያ በዚህ ሐዲስ ይመዝነው። ከወንበሩ ቢነሳ በጉ ይመጣ ነበርን?

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረት በአገራችን ከሃይማኖት ትምህርት ይልቅ ሥር ሰድዷል። የሙስሊም ተረት ግን ሊሆን አይችልም። በኸይበር ዘመቻ ከምርኮ ሳይከፋፈል አንዲት ካባ የወሰደው ሰው ካባዋ እሳት ሆና እንደምትነድበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። ይህን የሰማ ሌላ ሰው ደንግጦ የወሰደውን የጫማ ማሰሪያ መልሶ አመጣ። የጫማ ማሰሪያ!

የነጋዴው ጥያቄ

በሠፈራችን ከዐስር ሰላት በኋላ በምንቀመጥበት ደርስ ላይ የጽዳት ዕቃ የሚያቀርብ አንድ ወንድም ያነሳው ጥያቄ አለ። በወረርሽኙ ጊዜ ሳሙናና በረኪና ለማቅረብ ለአንድ መሥሪያ ቤት ፕሮፎርማ አስገብቶ ነበር። ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ መሆኑን ያውቃል። ሆኖም አንድ ደላላ መጥቶ አሥር በመቶ ካልተያዘ ወረቀቱ ከመሳቢያ እንደማይወጣ ነገረው። “እኔ የምከፍለው ሐቄን ለማስከበር ነው፤ ምን ኃጢአት አለብኝ?” ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙ ዑለማዎች አንድ ሰው የራሱ የሆነ ሐቅ ተይዞበት ወይም በደል ሊደርስበት፣ ሌላ መንገድ ሁሉ ተዘግቶበት ሲከፍል ወንጀሉ በተቀባዩ ላይ ነው ብለዋል። ታዲያ ጨረታ ከዚህ ይገባልን? አይገባም። ምክንያቱም ጨረታ ተመዝኖ አሸናፊው እስኪነገር ድረስ ሥራው የማንም ሐቅ አይደለም፤ የሁሉም ተስፋ ነው። በዚያ ላይ የሚከፍለው ሰው የራሱን ሐቅ እያስከበረ ሳይሆን የሌሎቹን ተወዳዳሪዎች ዕድል እየገዛ ነው። ሌላም ነገር አለ። አሥር በመቶው ከየት ይመጣል? ወይ ዋጋው ላይ ይጨመራል፣ ያኔ ሕዝብ ይከፍለዋል። ወይ በረኪናው በውኃ ይቀጥናል፣ ያኔ የሐኪም ቤቱ ወለል ሳይጸዳ ይቀራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናግረዋል። ጉቦ ሰጪንም ተቀባይንም መርገማቸው በሱነን መጻሕፍት ተዘግቧል።

ያ ወንድም አልከፈለም። ሥራውም ለሌላ ሰው ሄደ፤ ሁለት ሠራተኞቹንም ለማሰናበት ተገደደ። ይህን የምጽፈው ሐላልን የመረጠ ሁሉ ወዲያው ይበለጽጋል ብዬ አንባቢን ላለማታለል ነው። አላህን መፍራት በዱንያ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። የአኺራውን ሒሳብ ለሚያምን ሰው ግን የከሰረው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

መጠየቅና ስም ማጥፋት ይለያያሉ

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልመለስ። የሙስና ወሬ በከተማችን ከቡና ጋር ይጠጣል። እገሌ በኮሮና ጊዜ ከበረ፣ እገሌ ማስክ ነግዶ ፎቅ ሠራ ይባላል። አንዳንዱ እውነት ይሆናል፤ አንዳንዱ ምቀኝነት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በአል-ሑጁራት ምዕራፍ 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ በ12ኛው አንቀጽ ደግሞ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል።

በዚምባብዌ የጤና ሚኒስትሩ ኦባዲያ ሞዮ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ያለ ጨረታ ተሰጠ በተባለ የ60 ሚሊዮን ዶላር የሕክምና ዕቃ ውል ተይዘው ከሥልጣን ተነሱ። በ2021 ግን ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። በአገራችንም ከወረርሽኙ በፊት፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሜቴክ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ገልጾ ነበር። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የመድኃኒት አቅርቦትን ጨምሮ ከተለያዩ የመንግሥት ተቋማት ጋር የተያያዙ 59 ሰዎች በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። መያዝ መፈረድ አይደለም። ተጠርጣሪው ዳኛ ፊት እስኪሞገት ድረስ ምላሳችንን እንያዝ።

ዑመር (ረ.ዐ) የኩፋው አስተዳዳሪ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በተከሰሱ ጊዜ መርማሪ ልከው በየመስጊዱ ሕዝቡን አስጠየቁ። ሰዕድ (ረ.ዐ) ጀነት ከተመሰከረላቸው አሥሩ አንዱ ናቸው፤ ሆኖም ትልቅ ሰው ናቸው ተብሎ ምርመራው አልቀረም። ሕዝቡ ሁሉ በመልካም ሲመሰክርላቸው አንድ ሰው ብቻ ተነስቶ በሐሰት ወነጀላቸው፤ በተበዳዩ ዱዓእም ክፉ እርጅና ደረሰበት። ሐዲሱ በቡኻሪ ይገኛል። ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ማንም ሰው ከመጠየቅ በላይ አይደለም። ሐሰተኛ ከሳሽም ከአላህ ፍርድ አያመልጥም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ በመንግሥት ግዥ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች! ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በግብፅ የድርቅ ዘመን ሊመጣ ሲል በአገሪቱ ግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾሙ የጠየቁት ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን ጠቅሰው ነው (ዩሱፍ፡ 55)። ጠባቂነት ያለ ዕውቀት፣ ዕውቀትም ያለ ጠባቂነት አይበቃም። ያላያችሁትን ዕቃ ተረክበናል ብላችሁ አትፈርሙ።

ሁለተኛ፣ ነጋዴዎች! በወረርሽኝ ጊዜ ዕቃ መደበቅ (ኢሕቲካር) ኃጢአት መሆኑ በሙስሊም ሐዲስ ተነግሯል። ስማችሁን ለሌላ ሰው የጨረታ ማሟያ አታውሱ። ሦስት ፕሮፎርማ ከአንድ ሱቅ አዘጋጅቶ ማቅረብ በብዙዎች ዘንድ እንደ ብልሃት ይታያል፤ እርሱ ግን ሐሰተኛ ምስክርነት ነው።

ሦስተኛ፣ የመስጊድና የዕድር ኮሚቴዎች! ሌላውን ከመጠየቃችን በፊት ከራሳችን እንጀምር። የመስጊዱ ምንጣፍ፣ ድምፅ ማጉያና የውዱእ ቧንቧ ሲገዛ ደረሰኝ አለን? ለችግረኛ የተሰበሰበው ዘካ ለማን እንደ ደረሰ መዝገብ ይናገራል? “ታማኝ ነን” ማለት አይበቃም፤ መዝገቡ ለጀመዓው ይከፈት።

አራተኛ፣ ነገሩን በዓይኑ ያየ ሰው ዝም አይበል። አን-ኒሳእ ምዕራፍ 135ኛ አንቀጽ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር ያዘናል። ለምስክሮችና ለጠቋሚዎች ጥበቃ የወጣ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። የደቡብ አፍሪካዋን ሴት እጣ ላየ ሰው ይህ አዋጅ በወረቀት ብቻ መቅረት የለበትም። የሚመለከታቸው አካላት በተግባር ያሳዩን።

አላህ (ሱ.ወ) ከሐራም ሪዝቅ ይጠብቀን። አማና የተሸከሙትን ለአማናቸው ታማኞች ያድርጋቸው። በወረርሽኙ ያለፉትን ወገኖቻችንን ይማር፤ ለሚቀጥለውም መከራ ንጹሕ እጅ ይዘን የምንገኝ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።